ካርታው ላይ ያልነበረው መንገድ
(በተመራቂዎች መገናኛ ቀን የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ ደውለው «አንድ ነገር አቅርቢልን» ሲሉኝ «ስለ ስኳር ይሁን ወይስ ስለ ደም ግፊት?» ብዬ ጠየቅኩ። «እሱንማ በየኮንፈረንሱ ጠግበነዋል፤ ሌላ ነገር አምጪ» አሉኝ። እንግዲህ ሌላ ነገር ካላችሁ ይኸው፦ ጣሪያ ያፈሰሰበትን፣ አይጥ የቀመሰውን አንድ አሮጌ ካርታ በኮምፒውተር ሳድስ ስለሠራሁት ስህተት ልነግራችሁ ነው። ስህተቱ የኔ ነው፤ የማንም አይደለም። ስለዚህ ወረዳውንም ቀበሌውንም በስም አልጠራም።

ካርታውን ያገኘሁት ከቡሬ ወደ ዓባይ በሚወርደው ቆላ በኩል ካሉት መሥሪያ ቤቶች በአንዱ መጋዘን ውስጥ ነው። የምሠራው ፍኖተ ሰላም ስለነበር ለድጋፍ ጉብኝት አልፎ አልፎ ወደዚያ እወርዳለሁ። የዚያን ቀን የምፈልገው የወሊድ መዝገብ ነበር። ከተበላሸ የላምባ ፍሪጅ ጀርባ፣ ጊዜ ካለፈበት ፎርም ክምር ሥር፣ ተጠቅልሎ በሲባጎ የታሰረ ወፍራም ወረቀት አየሁ። ፈታሁት። ወርዱ አንድ ሜትር ገደማ ይሆናል። በእጅ የተሠራ ነው፤ ጽሑፉና ወንዙ በሰማያዊ ቀለም፣ የእግር መንገዱ በጥቁር ነጠብጣብ፣ ቤተ ክርስቲያኖቹ በመስቀል፣ ቤቶቹ በትንንሽ አራት ማዕዘን፣ በየአራት ማዕዘኑ ውስጥ ደግሞ ቁጥር። እዚህም እዚያም በቀይ እርሳስ የተነጠበ ነገር አለ። የተሠራበት ቀን የተጻፈበት ጥግ ተበልቷል፤ የቀረው «ዓ.ም.» የሚለው ብቻ ነው።

ጉዳቱን ልዘርዝርላችሁ፤ የሕመምተኛ ምርመራ ነው ብላችሁ ስሙኝ። ከላይ በግራ በኩል ሰፊ ቡናማ የውሃ እድፍ። በአራት ታጥፎ ስለኖረ እጥፋቶቹ ሁሉ ተሰንጥቀዋል። የታችኛው ጠርዝ በአይጥ ተበልቷል። የተሰነጠቀውን አንድ ቸር ሰው በቁስል ፕላስተር ለጥፎታል፤ መቼም ጤና መሥሪያ ቤት አይደል፣ ሌላ ከየት ይመጣል? ፕላስተሩ ደርቆ ሙጫው ወረቀቱን አቡንኖታል። እጥፋቶቹ በሚገናኙበት መሐል ላይ ደግሞ መዳፍ የሚያህል ቀዳዳ አለ። ይህችን ቀዳዳ ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ካርታው የወባ ሰዎች ካርታ ነበር። ወጣቶቹ ላታውቁት ትችላላችሁ፤ በ1950 ዓ.ም. መጨረሻና በ1951 መጀመሪያ ባሉት ወራት በአገራችን ደጋማ ክፍል ከባድ የወባ ወረርሽኝ ተነሥቶ ነበር። ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ላይ የሚኖረውን፣ ወባን ያልለመደውን ሕዝብ ነው የመታው። ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው ታሞ 150,000 ያህሉ እንደ ሞተ ይገመታል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1959 የወባ ማጥፊያ ድርጅት ተቋቋመ። የድርጅቱ ዋና መሣሪያ የዲዲቲ ርጭት ነበር፤ ቤት ለቤት ለመርጨት ደግሞ ቤቱ የት እንዳለ ማወቅ ያስፈልጋል። ስለዚህ ሠራተኞቹ በእግራቸው እየዞሩ ቤት ይቆጥራሉ፣ በር ላይ ቁጥር ይጽፋሉ፣ ካርታ ያነሣሉ። ጆን ስኖው በ1854 ለንደን ላይ በኮሌራ የሞቱትን በካርታ አስቀምጦ ወደ ብሮድ ስትሪት የውሃ ፓምፕ ያመለከተበትን ታሪክ ሁላችንም ለፈተና ሸምድደናል። የኛዎቹ ደግሞ ካርታውን ራሱን ከባዶ ወረቀት ነው የጀመሩት፤ በጎጃም ቆላ፣ በእግር፣ ፓምፕ በጀርባ ተሸክመው። እነሱን የሚያስጠና ፈተና አልገጠመኝም።

እኛ ጎንደሮች ደግሞ ይህን ታሪክ እንደ ሌላ ሰው ታሪክ ልናየው አንችልም። ኮሌጃችን በ1954 እ.ኤ.አ. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ ሲከፈት ከምክንያቶቹ አንዱ ባለፈው ዓመት ደንቢያን የፈጀው ወባ ነበር። ቲቲፒ ስንወጣ መጀመሪያ የምንሠራው ነገርስ ምን ነበር? የቀበሌ ካርታ! አስታወሳችሁ? በፍሊፕ ቻርት ወረቀት ላይ ቤተ ክርስቲያኑን መሐል አስቀምጠን፣ ወንዙን በሰማያዊ ማርከር እያጠማዘዝን፣ የመጸዳጃ ቤት ሽፋን ስንቆጥር የዋልነው። የኛ ቡድን ካርታ ላይ ሰሜኑ ወደ ታች ነበር። መምህራችን አይተው ምንም ሳይሉ ወረቀቱን ገልብጠው ሰቀሉልን።

«ሳተላይት ባለበት ዘመን አሮጌ ወረቀት ምን ይረባል?» የሚል ይኖራል። እኔም እንዲያ ብዬ ነበር። ሳተላይቱ የቆርቆሮ ጣሪያ ያሳይሻል፤ የጎጡን ስም ግን አይነግርሽም። ጅረት ያሳይሻል፤ ሰው በየትኛው መልካ እንደሚሻገር ግን አያውቅም። ካርታው ላይ በዛሬ ሰነድ ውስጥ የሌሉ የጎጥ ስሞች ነበሩ፤ ሰዉ ግን እስከ ዛሬ የሚጠራው በእነዚያ ስሞች ነው። እናቶች «ከወዴት መጣሽ?» ሲባሉ የሚናገሩት በመዝገባችን ውስጥ የማናገኘው ስም ነው። እዚህ ወረቀት ላይ ግን አለ። ላድሰው ወሰንኩ፤ አስፈቅጄ ወደ ፍኖተ ሰላም ይዤው መጣሁ።

መጀመሪያ ያደረግኩት ሞኝነት ነው። አንዱን ፕላስተር ቀስ ብዬ ልላጥ አልኩ፤ የአንድ ጎጥ ስም ግማሹን ይዞ መጣ። ከዚያ በኋላ ዋናውን ወረቀት አልነካሁም። ሥራው ሁሉ በፎቶው ላይ ይሁን አልኩ።

ፎቶ ማንሣቱ ራሱ አንድ ሙሉ ቀን ፈጀ። ፍላሽ አይሆንም፤ ያብለጨልጫል። ፀሐይ አይሆንም፤ የእጥፋቱን ጥላ ያጎላል። በሁለት ወገን መስኮት ባለው ክፍል ወለል ላይ ነጭ አንሶላ አንጥፌ፣ ካርታውን ዘርግቼ፣ ጠርዙ ላይ የልብስ ሰፊ ሜትር አስቀምጬ፣ ካሜራውን በእኩል ከፍታ እያንቀሳቀስኩ በ15 ክፍል አነሣሁት። እያንዳንዱ ፎቶ ከጎኑ ካለው ጋር ሲሶ ያህል ይደራረባል፤ ፎቶሾፕ የሚያገጣጥመው በዚያ መደራረብ ነው። ፎቶሾፕ የሌለው በነፃ የሚገኘውን ጊምፕን መጠቀም ይችላል፤ ማገጣጠሙ ብቻ ሌላ ፕሮግራም ይፈልጋል። የመጀመሪያዎቹን ፎቶዎች ሳልነካ በሁለት ፍላሽ ዲስክ አስቀመጥኩ። በኋላ ያዳነኝ ይህ ነው።

እድፉን ያስለቀቅኩበትን ዘዴ ልንገራችሁ፤ እኔን በጣም ያስደሰተኝ እሱ ነውና። አንድ የቀለም ፎቶ በውስጡ ሦስት ፎቶ ነው፤ የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ ብርሃን። ለየብቻ ከፍታችሁ ማየት ትችላላችሁ። ቡናማው የውሃ እድፍ ቀይ ብርሃንን በደንብ ስለሚመልስ በቀዩ ክፍል ላይ ይደበዝዛል። ሰማያዊው ቀለም ደግሞ ቀይ ብርሃንን ስለሚውጥ እዚያው ላይ ጥቁር ሆኖ ይወጣል። ቀዩን ብቻ ስከፍት እድፉ ትንሽ ጥላ ብቻ ሆነ፤ በዓይኔ ማንበብ ያቃተኝ ጽሑፍ ብቅ አለ። በሌሊት ብቻዬን እልል ልል ምን ቀረኝ! ብርሃንና ጨለማውን ትንሽ ሳስተካክል ሃያ የሚሆኑ ስሞች ተነበቡ።

ግን ቆይ። ካርታውን ከጎኔ ዘርግቼው ስለነበር አንድ ነገር ታየኝ፤ ቀይ ነጥቦቹ ስክሪኑ ላይ የሉም። ለካ ቀይ እርሳስም ቀይ ብርሃንን ይመልሳል፤ እድፉን ሳጠፋ አብሬ አጥፍቻቸው ነበር። ቀለሙን አስጥዬ አጥንቱን ሳወጣ ሕመሙ የት እንደነበር የሚያሳየውን ምልክት ጠርጌዋለሁ። ከአረንጓዴው ክፍል መልሼ አወጣኋቸውና በሌላ ሌየር ላይ አስቀመጥኳቸው። ሌየር ማለት መስተዋት በመስተዋት ላይ እንደመደርደር ነው፤ በአንዱ ላይ የጻፋችሁት የሌላውን አይነካም። በዚህ ጥንቃቄዬ ኮራሁ። ኩራቱ ነው መሰለኝ ለሚቀጥለው ያዘናጋኝ።

ስንጥቁን በክሎን ስታምፕ ዘጋሁ፤ ይህ መሣሪያ ከደህናው ወረቀት ቀድቶ በተጎዳው ላይ ያትማል። ባዶ ወረቀት በባዶ ወረቀት መድፈን ምንም ጉዳት የለውም። መብራት ይጠፋል፣ የላፕቶፑ ባትሪ እስኪያልቅ እሠራለሁ፣ ሲያልቅ እተኛለሁ። ሦስት ሳምንት ያህል እንዲህ ሄደ። በመጨረሻ መሐሉ ላይ ያለችው ቀዳዳ ቀረች።

ቀዳዳዋ ያረፈችው ወደ ፈጣም የምትገባ አንዲት ወንዝና አንድ የእግር መንገድ በሚገናኙበት ቦታ ላይ ነው። በምሥራቅ በኩል ነጠብጣቡ መንገድ እስከ ቀዳዳው ጠርዝ ይመጣል፤ በምዕራብ በኩል ሌላ ነጠብጣብ ከቀዳዳው ይወጣል። ወንዙም እንዲሁ ከላይ ገብቶ ከታች ይወጣል። ፎቶሾፕ ከ2010 ጀምሮ የተጎዳውን ቦታ ከዙሪያው ተመልክቶ በራሱ የሚሞላ መሣሪያ አለው። በዙሪያው ካለው ሥዕል ተመሳሳይ ቁራጮችን ፈልጎ እየሰፋ ይደፍናል፤ ስለ መንገድና ስለ ወንዝ የሚያውቀው ነገር የለም። ከበብኩት፤ ተጫንኩት። መንገዱ ከመንገዱ ጋር ቀጥ ብሎ ተገናኘ። ወንዙ ሥሩ አለፈ። የተረፈችውን ትንሽ ክፍተት በእጄ ሦስት ነጠብጣብ ጨመርኩባት።

ምን ልበላችሁ፣ ያምር ነበር! አሳትሜ ላክኩላቸው፤ ፎቶውንም በቴሌግራም በተንኩት። መሥሪያ ቤቱ በፍሬም አድርጎ ሰቀለው። ዋናው ጥቅልል እኔው ቤት ነው ያለው፤ ቀዳዳው የት እንደነበር ከኔ በቀር የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ከመስቀል በኋላ የኩፍኝ ክትባት ዘመቻ ነበር። እቅድ ያወጡት ልጆች ለአካባቢው አዲስ ነበሩ፤ ፍሬም ያለው ካርታ ግድግዳ ላይ አለ፤ ተማምነውበት አንዱን ቡድን በዚያ መንገድ መደቡት። ሁለት ልጆች የክትባት ሳጥኑን ይዘው ማልደው ወጡ። ሦስት ሰዓት ያህል ሄደው ወንዙ ጋ ደረሱ። መንገዱ ከገደል አፋፍ ላይ ቆመ። ከታች ውሃው ገና የክረምቱን ያህል ነው፤ መውረጃ የለም። ወደ ታች ሄደው ፈለጉ፤ ወደ ላይ ሄደው ፈለጉ። ሲመሽ ተመለሱ። ማዶ በወርካው ሥር ልጆቻቸውን አዝለው የቆዩት እናቶች እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጠብቀው ወደ ቤታቸው ገቡ።

ክትባቱ አልተበላሸም፤ ብልቃጦቹ አልተከፈቱም፣ የሙቀት ምልክታቸውም ደህና ነበር። የተበላሸው ቀጠሮው ነው። ቡድኑ በሌላ መንገድ ዞሮ ከሦስት ቀን በኋላ ሲደርስ የመጣው ሰው ከተጠበቀው ግማሹን አይሞላም። ጊዜው በቆሎ እሸት ይዞ ዝንጀሮ የሚጠበቅበት ነው፤ ማን ማሳውን ጥሎ ሁለት ጊዜ ይመጣል? በዚያ ላይ «ባለፈው ዋሽታችሁናል» የሚል ነበር።

በጥር ወር ከዚያ ጎጥ አንዲት የሦስት ዓመት ልጅ በኩፍኝ ተይዛ፣ ሳንባዋ ተጎድቶ፣ ዓይኗ ቀልቶ በእናቷ ጀርባ መጣች። «ተከትባለች?» አልኩ። እናቷ «የዚያን ቀን ጠብቀን ነበር እኮ» አለችኝ። ኦክስጅኑን፣ አንቲባዮቲኩን፣ ቫይታሚን ኤውን ሰጠናት፤ ዓይኗም ተረፈ፣ ልጅቱም ዳነች። ያሳመማት ካርታው ነው ብዬ መናገር አልችልም፤ ኩፍኝ ብዙ መንገድ አለው። ግን የዚያች እናት ዓረፍተ ነገር ስንት ሌሊት አብሮኝ እንዳደረ እኔ ነኝ የማውቀው።

ጥቅልሉን ይዤ ወደ ቡሬ ሄድኩ። ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በወባ ሥራ የቆዩ፣ የርጭት ቡድን መሪ የነበሩ አንድ አዛውንት አሉ፤ ሰው አጠያይቄ አገኘኋቸው። መጀመሪያ የታተመውን አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አደረጉ፣ ብዙ ጊዜ ዝም ብለው አዩ። ከዚያ፦

«ዶክተር፣ ይህን መንገድ ማን ሠራው?»

«እኔ ነኝ ጋሼ። ተቀዶ ነበር፤ እኔ ሞላሁት።»

«እረ በማርያም! እዚህ ጋ እኮ ገደል ነው። ፍየል አይወርድበትም።»

ጥቅልሉን ዘረጋሁላቸው። ቀዳዳውን ሲያዩ ሣቁ። «አይጥ የበላው መስሎሻል? ይኼንን የበላው ጣት ነው» አሉኝ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ በየዓመቱ ርጭት ሊወጡ ሲሉ ካርታውን ጠረጴዛ ላይ ይዘረጋሉ። ሁሉም አዲስ ሠራተኛ የሚጠይቀው ያንኑ ነው፤ «ወንዙን በየት ነው የምንሻገረው?» መሪው ጣቱን እዚያ ላይ ያስቀምጣል። «ይኸው፣ መንገዱ እዚህ ይቆማል፤ ወደ ላይ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዙሩ፤ መልካው እዚያ ነው፤ ውሃው ከጉልበት ካለፈ እደሩ።» ጣት በጣት ላይ፣ ላብ በላብ ላይ፣ እጥፋቱም እዚያው ነው፤ ወረቀቱ ሳስቶ ሳስቶ ተበሳ። ወረቀቱ ላይ ምን ተጽፎ እንደነበር ጠየቅኳቸው። «መንገዱን የሚቆርጥ አንድ ጭረት፣ ከጎኑ ወደ ላይ የምታመለክት ቀስት» አሉ። እኔ የተጎዳ ቦታ ብዬ የደፈንኩት ከካርታው ሁሉ በላይ የተነበበውን ቦታ ነበር።

ቀይ ነጥቦቹንም ነገሩኝ። ትንኝ የሚራባባቸው ረግረጎች ናቸው። አንዳንዶቹ ዛሬ የእርሻ ማሳ ሆነዋል፤ ሁለቱ ግን እስከ ዛሬ አሉ። እግረ መንገዴን፣ እሳቸው ፍኖተ ሰላምን የሚጠሯት ወጀት እያሉ ነው። ፍኖተ ሰላም የሚለውን ያወጡላት ዓፄ ኃይለ ሥላሴ ናቸው፤ ከዚያ በፊት ወጀት ነበረች። «ከወጀት ነው የመጣሽው?» ሲሉኝ መጀመሪያ ሌላ ሰው መስያቸው ነበር።

ከዚያ ሥራውን እንደገና ጀመርኩ። ባልነካኋቸው ፎቶዎች ላይ ማለት ነው።

ይህን ችግር ከኛ በፊት ያሰቡበት ሰዎች አሉ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመንና ከዚያ በኋላ ሮም ውስጥ በነበረው የተሐድሶ ተቋም ቼዛሬ ብራንዲና ባልደረቦቹ የተጎዱ ሥዕሎችን ሲጠግኑ የጠፋውን ቦታ በቀጫጭን ቀጥ ያሉ መስመሮች ይሞሉት ነበር። ከሩቅ ሲታይ ሥዕሉ ሙሉ ነው፤ ቀርቦ ላየው ግን ጥገናው የቱ ጋ እንደሆነ ይታወቃል። ትራቴጆ ይሉታል። እኔም ቀዳዳውን በግራጫ ጭረት ብቻ ሞላሁት። ምንም መንገድ፣ ምንም ወንዝ የለበትም። አዛውንቱ የነገሩኝን በሌላ ሌየር ላይ በአረንጓዴ ጻፍኩት፤ ማን እንደነገረኝና መቼ እንደነገረኝ ጠርዙ ላይ አለ። እኔ በፕላስተሩ ያበላሸሁት የጎጥ ስምም ግማሹ ብቻ ተጽፏል፤ ሌላው ግማሽ በአረንጓዴ ነው።

ቦታውንም ሄጄ አየሁት። በበጋ፣ በስልኬ ጂፒኤስ፣ ከአንድ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ጋር። ገደሉ አለ። መልካው ከዚያ ሽቅብ በእግር ግማሽ ሰዓት ያህል ያስኬዳል፤ አዛውንቱ እንዳሉት ከቤተ ክርስቲያኑ ሥር። ካርታውን ከዛሬው መልክዓ ምድር ጋር ለማጋጠም ኪውጂአይኤስ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ተጠቀምኩ። ሥራው በአሮጌው ካርታም በአዲሱም ላይ እርግጠኛ የሆናችሁባቸውን ነጥቦች ማያያዝ ነው። ቤቱ ይፈርሳል፣ መንገዱ ይዞራል፣ ገበያው ይዛወራል፤ ታቦት ያረፈበት ደብር ግን ብዙውን ጊዜ እዚያው ነው። በአሥራ አንድ ቤተ ክርስቲያን አሰርኩት። በካርታ ሥራ ድርጅቱ 1:50,000 ካርታ ላይ አንድ ሴንቲ ሜትር ግማሽ ኪሎ ሜትር ነው። በእጅ የተሠራው ግን እንዲህ ያለ አንድ ልክ የለውም፤ ሠሪው ያየውን ያህል ሳይሆን የደከመውን ያህል ነው የሣለው። ዳገቱ ይረዝማል፤ ሜዳው ያጥራል። ይህን አላስተካከልኩትም። ለሚሄድበት ሰው ትክክሉ እሱ ነው።

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ደግሞ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ያለበት መሙያ መጥቷል። በአንዱ ሞከርኩት፤ በጠፋው ቦታ ላይ ቤት ጨመረልኝ፣ ዛፍ ጨመረልኝ፣ ስምም ጻፈልኝ። ስሙ ከሩቅ ሲያዩት የኛ ፊደል ይመስላል፤ ቀርበው ሲያነቡት ፊደል አይደለም። ደግነቱ ይህኛው ውሸቱን አይደብቅም፤ የኔ ሦስት ነጠብጣቦች ናቸው የሚያስፈሩት።

እዚህ ያለነው ሐኪሞች ነንና አንድ ነገር ልናዘዝ። ተማሪ ሳለን ካርድ ላይ ሆድ ሳንነካ «ምንም የለም» ብለን የጻፍን ስንቶቻችን ነን? እጅ አታውጡ፤ መምህራኑ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ሲደክመን፣ ከላይም ከታችም ያለው ደህና ሲሆን፣ መሐሉን እንደሞላን ሳናውቀው እንሞላዋለን። ያላየሁትን «አላየሁም» ብሎ መጻፍ ከበድ የሚለው ካርዱን ያልተሟላ ስለሚያስመስለው ነው። የኔም ካርታ ቀዳዳ ይዞ ፍሬም ውስጥ ሊገባ አፍሬበት ነበር።

አዲሱን ቅጂ ይዤ ስሄድ አንዱ ሠራተኛ «የፊተኛው ይሻል ነበር፤ ይኼ መሐሉ ላይ ተበላሽቷል» አለኝ። ምክንያቱን ነገርኩት። የፊተኛውን አውርደን ቀደድነው፤ በቴሌግራም የበተንኩትን ግን መሰብሰብ አልተቻለም፤ እስከ ዛሬ በስንት ስልክ ውስጥ እንዳለ እግዜር ይወቅ። እባካችሁ፣ ቡሬ አካባቢ የምትሠሩ፣ መሐሉ ላይ ቀጥ ያለ መንገድ የሚታይበት ያማረ ካርታ ስልካችሁ ውስጥ ካለ አጥፉልኝ። አዲሱ የሚታወቀው መሐሉ ግራጫ በመሆኑ ነው። ዋናው ጥቅልል ወደ መሥሪያ ቤቱ ተመልሷል፤ አሁን ሳይታጠፍ፣ በጨርቅ ተሸፍኖ፣ ከጣሪያው ማፍሰሻ ርቆ ተቀምጧል።

ባለፈው ሐምሌ ለጉብኝት ወርጄ ግድግዳው ላይ ያለውን አየሁት። ፍሬሙን አውልቀውታል። በግራጫው ጭረት ላይ አንድ ሰው በእስክሪብቶ «ሰኔ 24፤ ውሃው ከወገብ በላይ» ብሎ ጽፏል። ከሥሩ በሌላ እጅ «ሐምሌ 3፤ አይሻገርም፤ እደሩ» ይላል። በስልኬ ፎቶ አነሣሁትና ማታ ቤት ገብቼ አዲስ ሌየር ከፈትኩለት።